ስድስተኛው ጎን

ቤቴ ድሬዳዋ፣ እንጀራዬ ሐረር፤
ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በሚኒባስ ወንበር፣
ቦርሳዬን ታቅፌ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣
ደንገጎን በሸለብታ፣ አዴሌን በማዛጋት አልፌ፣
ዘንድሮ ነው ገና
መርፌ የያዝኩት፤ መኪና ላይ ሆኜ፣ ያለ ምንም መኪና።

ያሳየችኝ ሚስኪያ ናት፣
መኪና ግርግር ዳር፣ ከአባቷ የተረፈች ሲንጀር ያለቻት።
የሰፈሩ ስም ራሱ የስፌት መኪና ጩኸት ነው፤
እሷ ግን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ፔዳሉ ሲያርፍ፣ ጣቷ ነው የሚሰፋው።
«ወረቀት ቁረጪ» አለችኝ፣ «ባለ ስድስት ጎን፤
ጠርዙ ሁሉ እኩል ይሁን።
ጨርቅ አልብሺው፣ እጠፊው፣ ዙሪያውን ወስውሺለት፤
ሁለቱን ፊት ለፊት ግጠሚ፤
መርፌሽ ጨርቁን ይንከስ፣ ወረቀቱን እለፊለት።»

ወረቀትማ ሞልቶን!
መዝገብ ቤት ነኝ፤ ቅጹ ሲቀየር አሮጌው በካርቶን
ታሽጎ ቀርቷል፤
«የአመልካች ስም» ይላል፤ አመልካች ሳያይ ቢጫ ሆኗል።
አለቃዬን ኢድሪስን አስፈቀድኩ። «ለምን?» ሲለኝ፣ «ለብርድ ልብስ» ስለው፣
መነጽሩን አውልቆ አየኝ፣ ትኩሳት እንዳለበት ሰው።

የመጀመሪያው አምስት ጎን ወጣው።
ሁለተኛው ሰባት፤ ትርፉን ከየት አመጣው?
ሦስተኛውን፣ ደንገጎ ላይ፣ ሾፌሩ ለግመል ፍሬን ሲረግጥ፣
ከቀሚሴ ጋር ሰፋሁት።
«አቦ፣ ወንበሬንም እንዳትሰፊው» ይላል ረዳቱ ቶፊቅ፣
«ሐረር ላይ ማን ሊፈታሽ ነው?» ሰዉ ሁሉ ይስቅ።

አምስት ጎኑን ሚስኪያ አልጣለችውም።
በመዳፏ አዙራ አየችው፤ «ይሄ የድሮው ጀጎል ነው፤ አልተሳሳትሽም፣
አምስት በር።
ስድስተኛው ኋላ ነው የመጣ፤ ለመኪና ሲሉ፣ ግንቡ ሲሸነቆር።
አንቺስ በመኪና አይደል የምትመጪ?
አንዱን ጎን ጨምሪና ግቢ፤ ደጅ ላይ አትቁለጭለጪ።»

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ራሱ ጨርቅ አዋጣ።
ኢፍቱ፣ አወዳይ የምትወርደው፣ ከሽርጧ ጫፍ በጥርሷ ቀድዳ ሰጠችኝ፤
አንዱ ተማሪ የዩኒፎርም እጅጌ፤ ስሟን ያልነገረችኝ
ሴት ከልጇ ሠርግ የተረፈ ቀይ ሐር፤
ቶፊቅ ከወንበር ልብሱ፣ ነብርማውን፣ ለክብር።

ቆርቆሮዬ የብስኩት ናት፤ መቀስና ክሩን ከትቼ።
ሦስተኛ መርፌዬ ወንበር ሥር ጠፍታለች፤ ዝም ብያለሁ፣ አፌን ሰፍቼ።

አሁን ኪሎሜትር አላውቅም።
ከድሬ ደንገጎ አራት ጎን ነው፤ ከአዴሌ ሐረማያ፣ ፍተሻ ከሌለ፣ ሁለት፤
አወዳይ ላይ ግርግሩ ሲያቆመን አንዱን ቁራጭ እዘጋለሁ፣
ጡሩምባው ሁሉ ሲጮህበት።

ደግሞ አንድ ሕግ አለው፤
ስድስቱም ጎኑ ጎረቤት ሳያገኝ፣ ወረቀቱ አይወጣም።

ትናንት መሀለኛው ሞላለት። ውስወሳውን ፈታሁ፤
ወረቀቱን በመርፌ ጫፍ ሳብ አድርጌ አወጣሁ።
ተበሳስቷል። «የአመልካች ስም» ከሚለው ቀጥሎ ነጥብ ነጥብ፣ ባዶ።
ጨርቁ ግን ያለ እሱም ቅርጹን ይዟል፣ ከስድስቱ ጋር ለምዶ።

«ሂሳብ!» ሲል ቶፊቅ፣ ከብሩ ጋር አቀበልኩት ሳላውቀው።
ገልብጦ አየው። «አቦ፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር ገንዘብ ነው?»
ሳቅን። ብሩን ቆጥሮ፣ ወረቀቱን ከፀሐይ መከለያው ሥር ሰካው።

ከጎኔ ያለችው፣ ሕፃን የታቀፈች፣ ጠየቀችኝ፦ «ሲያልቅ ምን ይሆናል?»
ለአልጋ ገና ነው። ለትራስ ተርፏል።
«እንጃ» አልኳት፣ ክሩን በጥርሴ በጥሼ፤
«እስካሁን ግን ሐረር ያደርሳል።»