መሬት የሌለው እሳት

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ቂርያት ጋት ተኝታ፣
የላውንደሪው ቦይለር ቆሟል በዝምታ።
የሆስፒታል አንሶላ፣ ሁለት መኪና ሙሉ፣
ደጅ ላይ ተከምሮ፣
ሽሎሚም ከበሩ፦ «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ!»

«ቶሎ» የሚሉት ቃል ከጋዝ አይስማማ፤
ሊአት፣ ቁጭ በዪ፤ አሽትቺ፣ ጆሮሽም ፉጨት ካለ ይስማ።
ቢጫውን እጀታ አግድም አዙሪ፣
ማብሪያውን አውርጂ፣ ቁልፉን ኪስሽ ክተቺ፣
ደግሞ በቴስተሩ ገመዱን መርምሪ።
«አጥፍቻለሁ» ማለት «ጠፍቷል» ማለት አይደል፤
ኮረንቲ ለማንም ይቅርታ አያድል።

የድሮው ሳጥን ሞቷል፤ አዲሱን ግጠሚ፣
ንድፉን እያየሽ ገመድ ገመድ ልቀሚ።
ቡናማው ፌዝ ነው፣ ሰማያዊው ኒውትራል፤
ከተፋለሱበት እሳት አይቶ «አላየሁም» ይላል።
የብልጭታው ገመድ ይሂድ በራሱ ቱቦ፣
የእሳት መርማሪውም ለብቻው ተስቦ፤
ጯሂና ሹክሹክታ አንድ ቤት ካደሩ
ማን ማንን ይሰማል? ይጠፋል ነገሩ።
ሸክላዋን ተመልከቻት፤
የፀጉር ስንጥቅ ካለባት፣ ቀይሪያት።

ግማሽ ጡብ የምታህል ይህች ሳጥን
ከሽሎሚ ይልቅ፣ ከእኔም ይልቅ ትዕግሥት ታውቃለች።
ሠላሳ ሰከንድ ታናፍሳለች፣
የተጠራቀመውን ጋዝ ከምድጃው ሆድ ታወጣለች፣
ከዚያ ብልጭታ፣ ከዚያ ጋዝ፤
አምስት ሰከንድ ጠብቃ
«አለህ ወይ?» ትላለች።
እሳቱ «አለሁ» ካላላት፣ ትዘጋለች።

የሳሙና አረፋ ቀባን፤ መጋጠሚያው አልተነፈሰም።
ለኮስን። ነደደ። በአምስተኛው ጠፋ።
ቀዩ መብራት በራ።
ጠበቅን፣ ደገምን። ነደደ። ጠፋ።
«ሦስተኛ አንነካውም» አልኩ፤
አዝራር የጎረቤት በር አይደለም፣
እስኪከፈት ድረስ አይንኳኳም።

ሽሎሚ ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ አወጣ፦
«በዚህ አገናኙና ጠያቂዋ ዝም ትበል፤
የነገውን ጣጣ ነገ ያምጣ።»
ተቀበልኩት። አጠፍኩት፣ ደግሜ አጠፍኩት፣
ከቆሻሻው ቅርጫት ጣልኩት።
«ምስክር አፉ ሲለጎም ቤት ነው የሚነደው» አልኩት።
በአማርኛ ነበር። የገባው መሰለኝ።

ሊአት በመስተዋቷ ቀዳዳ ዓይኗን ተክላ፦
«እሳቱ እኮ ነበር! ሰማያዊ፣ ቀጥ ያለ፤
እያየነው እንዴት ‹የለም› ይባላል?» አለች።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ።
ደምቢያ ላይ አያቴ፣ ቀጥቃጩ አለልኝ፣
ማረሻ ሲሞርድ ኖረ ለባለርስት ሁሉ፤
ቀን የተለማመጡት፣ ማታ «በዓይኑ ይበላል» ሊሉ።
የሰው ሁዳድ ታረሰ በእሱ ብረት፤
ለእሱ ግን የለችም ስንዝር መሬት።
እሳትማ ነበረው፣
ከወናፉ ሥር ቅንድቡ እስኪለበለብ ነበረው።
መሬት አልነበረውም፤
አለልኝ ተብሎ፣ «የለም» ተብሎ ኖረ።

«መሬቱን ፈልጊ» አልኳት።
«የቱን መሬት?»
«ቢጫና አረንጓዴውን። እሳት ቃሉን የሚሰጠው
ከዚያ ሽቦ ጋር ነው፤ እሱ ከሌለ ማንም አይሰማው።»

ሳልነግራት ማብሪያውን አወረደች፣
ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ በቴስተሩ አየች።
ከዚያ አገኘችው፦ ከቀለም ላይ ታስሮ፣
ላየው የጠበቀ፣ ለነካው የላላ፣
ለወጉ ያህል የተሰጠ መሬት።
በአሸዋ ወረቀት ፋቀችው፣
ብረቱ ፊቷን እስኪያሳያት።
ብሎኑን አጠበቀች።

ነደደ። አራት። አምስት። ስድስት።
ሰባት ላይ መቁጠር ተውን።

አንሶላው ሲገባ ነግቶ ነበር።
«ጉድለት» ከሚለው መስመር ላይ
ሊአት በዕብራይስጥ «ሃአርካ» ብላ ጻፈች፤
እኔ ከሥሩ በአማርኛ፦ «መሬት»።
ሽሎሚ ሳያነብ ፈረመ።