ሦስት ጣት ከእጅ አንጓ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከሳካታ ጣቢያ፣
ቲኬት በስቻለሁ፣ ቆሜ ከመግቢያ።
ቀጭ! ስትል ወረቀቷ፣ ያልፋል መንገደኛ፤
ለኔ እሚተርፍ የለም፣ ከክብ ቁራጭ በቀር፣ ከእግሬ ሥር የተኛ።
ዛሬ ተራው ዞሯል፤ ተበሺው እኔ ነኝ፤
ኡሜጋኪ የሚባል ዐይነ ስውር አዛውንት በመርፌ ሊበሳኝ
ከፎቅ ጠበቀኝ።

ጡቴን ነው የታመምኩት። ቆራጮቹ ቆረጡ፤
ያመለጠ ዘር ካለ ብለው፣ መድኃኒት በደም ሥር ሰጡ።
ቀይ ነው መድኃኒቱ፤ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል፤
ደጉንም ክፉውንም ሳይለይ ይበላል።
የሩዝ እንፋሎት ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል፤
የገዛ ምራቄ ባዕድ ይሆንብኛል።
ባለቤቴ ካንሱኬ፣ ቤት ውስጥ ዓሣ መጥበስ ትቶ፣
ውጭ ይበላል ቆሞ፣ ከበረዶው ገብቶ።
«ግድ የለሽም» አለኝ፣ «እንሂድ ከዚያ ሰው፤
የኔንስ ትከሻ ማን ነው የመለሰው?»

ደረጃው ጠባብ ነው፤ ክፍሉ ከመረብ ሻጩ በላይ፤
መብራት የለም። ለማን ብሎ ያብራ? እሱ በጣቱ ነው የሚያይ።
እጄን ተቀበለ፤ የደም ሥሬን ምት በሦስት ጣቱ አደመጠ፤
ከታች በመረብ ዋጋ አንዱ ጮኸ፣ አንዱ አላገጠ።
«ማታ ተኝተሻል?» አለኝ። «አልተኛሁም።»
«ፈርተሻል?» አለኝ ቀጥሎ። መልስ አልሰጠሁም።

ከእጅ አንጓዬ መስመር ሦስት ጣት ለካ ወደ ክንድ፤
በሁለት ጅማት መሀል አለች ትንሽ ጎድጓዳ መንገድ።
«ይቺን» አለ፣ «የጥንቶቹ የውስጥ በር ይሏታል፤
እንደ ጣቢያሽ በር ናት፤ የሚያልፈው ያልፍባታል።
እነሱ እንዳሉት፣ በሰው ገላ ውስጥ እስትንፋስ እንደ ወንዝ ይሄዳል፤
ድንጋይ ሲዘጋው ይቆጣል፣ ሲነሣለት ይወርዳል።
ወንዙን ግን እኔ አይቼው አላውቅም።»
ሳቀ። «እኔማ ምንም አይቼ አላውቅም።
ሐኪሞቹ ደግሞ ሌላ ነው ወሬያቸው፦
መርፌው ነርቭ ይቀሰቅሳል፣ ነርቩ ለአንጎል ይነግራል፣ አንጎልም በተራው
ከራሱ ጓዳ ማስታገሻ ቀድቶ ይልካል ይላሉ፤
‹ገና አልጨረስነውም› የሚሉም ከመካከል አሉ።»

መርፌው ከፀጉር ይቀጥናል (ፀጉር ከነበረኝ ጊዜ)፤
ይወጋኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ጥርሴን በጥርሴ ይዤ።
አልወጋኝም። በቀጭን ቱቦ ሰድዶ፣ በሌባ ጣቱ ነካ አረገው፤
ትሑት እንግዳ ነው በሩን የቆረቆረው።
ከዚያ አንድ ከባድ ነገር መጣ፣ ሕመም ያልሆነ፣
እስከ መሀል ጣቴ ወርዶ እንደ እርሳስ የቦዘነ።
የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ የአሪቲ ዘመድ የሆነች ቅጠል፣
ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ለኮሰ፤ ስትቃጠል
ሸተተችኝ።
በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ያላስመለሰችኝ ሽታ እሷ ብቻ ሆነችብኝ።

ብዙ ሰው ይመጣል እሱ ጋ፦ ወገቡ የተያዘ ጀልባ ሠሪ፣
ጉልበቷ የሚንቋቋ የዋና አስተማሪ፣
በየወሩ ራስ ምታት የሚያሳውራት የትምህርት ቤት ጸሐፊ፤
«አንዱ ይቀለዋል» አለ፣ «አንዱ ደግሞ ገንዘብ አጥፊ።»
ያኔ ጠየቅሁት፣ ለሰው ያልነገርኩትን፦
«ይህ መርፌ ያድነኛል? ይነቅላል ሥሩን?»
ጣቱን ከክንዴ ላይ አላነሣም።
«አይነቅልም» አለ፤ «ይህን ለሞተችው ሚስቴም አልዋሸሁ፣ ላንቺም አልዋሽም።
ከሆስፒታል አትቅሪ፤ ቀዩ ውሃ ይግባ በደምሽ፤
የኔ ሥራ ትንሽ ናት፤ ዛሬ ማታ አንድ ጭልፋ ሩዝ ከሆድሽ
እንዲያድር ነው፣ እስኪነጋልሽ።»

ሐሙስ ማታ አስመለሰኝ፤ የሆነው እሱ ነው።
ዓርብ ግማሽ ጭልፋ ገባ፣ ቀረ፤ ለምን እንደ ቀረ የሚያውቀው ማን ነው?
መርፌው ይሁን፣ የሐኪሙ እንክብል፣ ወይስ ክንዴን የያዘ እጅ፣
አልመረመርኩም፤ ቲኬት በሺ ያሳልፋል እንጂ
እንዴት እንደሚደርሱ አይጠይቅም።

ቅዳሜ ካንሱኬ መነጽሩን አድርጎ ክንዴን ገለጠ፤
የመርፌዋን ነጥብ ፈለገ፣ አጣት፣ ደነገጠ።
ከዚያ ዓሣ ጠበሰ፣ እዚሁ፣ ከኔ ጋር፣ ከቤት፤
መስኮቱን ሳይከፍት።