የቀረችው ኢንች

ባርስቶው በረሃ ነው፤ ከጋራዡ ጀርባ
የጭነት ባቡሩ ሲወጣ ሲገባ
መደርደሪያው ሁሉ በዳዶ ይንጫጫል፤
አባቴ አይሰማውም፣ ከመኪናዋ ሥር ተኝቷል።

የሠላሳ አንድ ፎርድ፣ ጣራ የሌላት፣
ፓራፋንጎዋ ወልቆ ጎማዋ ብቻ የቀራት፣
የአጎቴ የዴልማር ናት።
በጎረምሳ ዘመን፣ በደረቁ ሐይቅ ላይ፣ አቧራ ሲያስነሱ፣
“ዝቅ እናድርጋት እንጂ!” ይል ነበር እሱ፤
“ሆዷ አፈር ይሽተት፣ እንደ እባብ ትሳብ።”
አባቴ ግን አንድ ሕግ ነበረው፣ እንደ ጸሎት የሚደግመው፦
“ጎማ ይተነፍሳል። በተነፈሰ ቀን
መሬት የሚነካው ቸርኬው ብቻ ይሁን።”
አርባ ዓመት ተጨቃጨቁ፤ ማንም አልረታ፣
እሷም እንደ ሰጎን ቀረች፣ ከመሬት ተፋታ።

ዘንድሮ በመጋቢት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣
ክሪክ አስገብቶ ግንባሯን ከፍ አደረገው።
“ምን ልትሆን?” አልኩት። “ዝቅ ላደርጋት” አለ፤
ከዚያ ሌላ ቃል የለ።
ሌስተር ከጎማ ቤቱ፣ ራሚሮ በያጁ፣ ቢራቸውን ይዘው
“አረጀህ ወይስ ጎረመስክ?” ብለው ጠየቁት ስቀው፤
እሱ ዳዶውን ነበር የሚያናግረው።

የፊቱን ባሌስትራ ሲፈታ አጠገቡ አላስቆመኝም።
“ብዙ ዘመን ታጥፎ የኖረ ብረት ቂም ይይዛል፤
ባንዴ ከፈታሽው ሰው ይገድላል።”
በረጅም ብሎን ጠፍሮ፣ ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ ዙር፣
ያኮረፈ ሰው እንደሚለማመጥ ነበር።
ብረቱ አቃሰተ፤ ደግሞ አቃሰተ፤
ተዘረጋ፣ ዝም አለ፣ ላብ ብቻ ሸተተ።

አሥሩን የብረት ምላስ ጋዜጣ ላይ ደርድሮ፣
ሦስቱን ለይቶ አስቀረ፤ ቀሪውን በግራሶ ለውሶ፣ አሥሮ፣
የዋናውን ዓይን ደግሞ አስገለበጣት በእሳት፤
ምድር ታይ የነበረች ዓይን ሰማይ እንድታይ አዞራት፤
እሷ ቀና ባለች መኪናዋ ወረደች።
ከኋላ ራሚሮ ሻንሲውን ቆርጦ እንደ ደረጃ በየደ፤
ቁመቷም ሌላ ሁለት ኢንች ወረደ።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ።
ማታ ማታ ሲለካ ሜትሩን የሚዘረጋው
ከመሬት እስከ መቀመጫዋ ነው።
ሃያ አራት። ሃያ ሁለት ተኩል። ሃያ አንድ።
በጠመኔ ይጽፋል፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ባንድ፤
ከሁሉ ሥር ግን ቀድሞ የተጻፈ፣ ሁለቴ የተሠመረበት ሃያ አለ።
ለምን ሃያ? እንጃ።

እሑድ አጎቴን ልጠይቅ ሄድኩ። እግሮቹ ከከዱት ሁለተኛ ዓመቱ ነው።
ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ በክንዱ ሲሻገር፣
ከወንበሩ ጎን፣ ከመቀመጫው ትክክል፣ አየሁ የጠመኔ መሥመር።
ምንም አላልኩም። ሾርባውን አሞቅኩለት።

ቁጥሩ ሃያ አንድ ላይ ቆመ።
አባቴ ከቸርኬ እስከ ቸርኬ፣ ከሥር፣ ክር ወጠረ፤
የዘይት ቋቷ ክሩን ሊነካ ፀጉር ቀረ።
“ሕጉን ተወው” አለ ሌስተር፤ “አንዲት ምላስ ብትነቅል ትደርሳለህ።”
ሌሊቱን ክሩ ፊት ተቀምጦ አደረ።
ሲነጋ ጠቀለለው፤ አንድም ብሎን ሳይነካ ቀረ።

ዴልማር መጣ። ዙሪያዋን በወንበሩ ዞረ፣
እጁን ከሻንሲው ሥር ሰዶ በጣቱ ቆጠረ፤
“አርባ ዓመት ለመንኩህ፣ አንተ ደረቅ!”
አባቴ መሬት መሬት ያያል። “አንድ ኢንች ቀረኝ... ከዚያ ወዲያ ብወርድ...”
“አውቃለሁ። ጎማ ይተነፍሳል።”
ወንበሩን በሩ ላይ አስጠግቶ ፍሬኑን ያዘ፤
“እቺን ኢንችማ ለእኔ ተዋት” አለና በክንዱ ተመረኮዘ፤
ለአፍታ፣ የትም ወንበር ላይ ሳይሆን፣ አየር ላይ ተንቀጠቀጠ፤
ከዚያ ተቀመጠ።

ባሌስትራው አጎነበሰ፤ ሸክሙን ተቀበለ።
አባቴ ግን ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ከሥሯ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ሲያይ ቆየ፣ ቆየ፣
አጎቴ ወደ መሪው ተስቦ ክላክሱን እስኪነፋ፦
“ቬርሎን! ውጣ ከዚያ፣ ባቡሩ መጣ፤ እንቅደመው!”