ስንተኛው ሰማያዊ

ጦሳ ጉሙን ሳይጥል፣ ፒያሳ ሳይነቃ፣
ማይባር መንገድ ገባን፤ ብርዱ እንደ ጠበቃ
በጥቅምት ይሟገታል፣ ጆሮ ይዞ፣ ጣት ይዞ፤
ጋሽ ይመር ከፊት ነው፣ ዘንጉን ተመርኩዞ።
እኔም ከኋላው ነኝ፣ መነጽር አንግቼ፣
ሩቅ ማያ፣ አንድ ዓይኑ ስንጥቅ፣ ሰኞ ገበያ ተከራክሬ ገዝቼ።

ሃያ ስምንት ዓመት ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣
ቀለም ቤት ነበረ፤ ክር ሲነክር፣ ሲያደርቅ፤
ጡረታ ሲወጣ ያወጣው ነገር ቢኖር
ከጥፍሩ ሥር ቀለም፣ ከኪሱ ውስጥ ክር።
ከዚያ በኋላ ነው የወፉ አባዜ፤
ሌላው ዕቁብ ሲጥል፣ እሱ በትርፍ ጊዜ
ከሱቅ የተረፈ የሒሳብ መዝገብ ላይ፣
ገቢ በሚለው ሥር የመጣን ከሰማይ፣
ወጪ በሚለው ሥር የሄደን ይጽፋል፤
ቀሪ ሒሳብ ሲባል ዝም ብሎ ያልፋል።

ዘንድሮ ግን ሞራው ዓይኑን ጋረደበት፤
ውሃውም ሰማዩም አንድ ገበታ ሆነበት።
«አንቺ እዪ» አለኝ፤ «እኔ እሰማለሁ፤
አንቺ የምታይውን እኔ አውቀዋለሁ።»

ደረስን። ሐይቁ ገና ትንፋሹ ይተናል፤
ዳር ላይ አንድ ሽመላ ባንድ እግሩ ቆሟል
እንደ ተቀጣ ተማሪ፤
አሥራ አንድ ዳክዬ፣ ሁለት ዝይ ቆጣሪ
ሆኜ ስነግረው፣ «እሺ... እሺ...» እያለ
በቀይ እስክሪብቶ መስመር እየጣለ፣
ድንገት ከደንገሉ ጥግ አንድ ብቸኛ ወጣ፤
ጅራቱን ሽቅብ ገትሮ እየቀዘፈ መጣ፤
አንገቱ አጭር ነው፣ ራሱ የጠቆረ፣
ገላው የሸክላ መልክ፣ ውሃ ላይ የሰፈረ፤
ምንቃሩ ግን... ጋሽ ይመር፣ ምንቃሩ ሰማያዊ ነው!

«ስንተኛው?» አለኝ።
«ምን?»
«ሰማያዊ ስንተኛው?»

ስንተኛው እላለሁ? ሰማያዊ ሰማያዊ ነው፤
ሰማይን የሚመስል፣ ከዚያ ሌላ ምን አለው?
«የቱን ሰማይ?» አለ። «የሐምሌን? የመስከረምን?
ሐረጎ ላይ ቆሞ ዝናብ የሚጠብቀውን?
አዲስ ዩኒፎርም ነው? ወይስ መቶ ጊዜ የታጠበ?
የቡታጋዝ እሳት? ወይስ ደም ሥር ክንድ ላይ ያበበ?»
አፌ ባዶ ሆነ። ቋንቋዬ ጠበበ።
ሠላሳ አራት ዓመት አንዲት ቃል ለብሼ፣
እሷኑ አጥቤ፣ እሷኑ መልሼ።

እጁን ኪሱ ሰዶ አንድ ካርቶን አወጣ፤
ዙሪያው ክር የታሰረ፣ ከፈዛዛው እስከ ጥቁር የመጣ፣
አሥራ አራት ሰማያዊ፣ እያንዳንዱ በቁጥር፤
«ከምንቃሩ አጠገብ ያዢው፤ ሞክሪ አንድ በአንድ ክር።»
ባንድ ዓይኔ ወፉን፣ ባንድ ዓይኔ ክሩን አያለሁ፤
«ሦስት?» «አይ፣ ይፈዛል።» «አሥር?» «እጠራጠራለሁ።»
ሙሄ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይዞ ቆመና ታዘበን፤
«ያማ ዳክዬ ነው፤ አንበላውም» ብሎ ሳቀብን።

«ዘጠኝ» አልኩ።

ክሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ዝም አለ። ዳግም ዳሰሰ።
«ዘጠኝን» አለኝ፣ «በዚህ እጄ ነው የነከርኩት፤
በሰማንያ ስምንት የመጨረሻውን በርሜል እኔው ነኝ የደፋሁት፤
ገዢ የለም ተባለ። ከዓለም ጠፋ ብዬ ሳዝን ኖሬ፣
ይኸው ያ ከይሲ ምንቃሩ ላይ ይዞት ይዞራል እስከ ዛሬ!»

ወፉ ጠለቀ። ቆጠርኩ፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ፤
ክቡ እየሰፋ ሄዶ ደንገሉ ሥር ገባ።
አልወጣም። ወይም በሌላ በኩል ወጥቷል፤
ሐይቅ ብዙ በር አለው፣ ማን ሁሉን ጠብቋል?

መዝገቡን ሰጠኝ። «ስሙን እንጃ» አልኩት።
«ስሙን የሚያውቅ ይጻፈው፤ አንቺ ያየሽውን።» ጻፍኩት፦
ጥቅምት አሥራ ሁለት። ማይባር። ብዛት አንድ። ጅራቱ የተገተረ።
ምንቃር፦ ሰማያዊ፣ ቁጥር ዘጠኝ። ምስክር፦ ያየችና የነከረ።
እጄ ወጪ ወደሚለው ሲያልፍ ጣቱ መጥቶ መንገዴን አገደ፤
«ተይው» አለኝ፤ «ጠለቀ እንጂ መች ሄደ?»

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤
የኔ ዓይን ግን በመስኮቱ ከሰማያዊ ጋር ተጣበቀ፦
ባጃጁ ስድስት። የጎሚስታው በር ሁለት፣ ወይ ሦስት ይሆን?
የልጅቷ ቦርሳ አሥራ አንድ፣ ጥላ ውስጥ ካልሆን።
የሻይ ቤቱ ጣራ ዝገት ገባበት፣ ቁጥሩም አልበቃ፤
እጠይቀዋለሁ፣ ጋሽ ይመር ሲነቃ።