ገጽ ስልሳ አንድ፣ ኅዳጉ ላይ

ከአሞራ ገደል በላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣
አንድ የሞተ ፈረንሳዊ መሐላችን አጋድመን፣
እንደ ቆሮሶ ዓሣ ቅርፊቱን ስንፍቅ፣
ሥጋው የት እንዳለ አንዳችን ሳናውቅ።

ላንቃሞ ጀመረ። የመንገድ መሐንዲስ ነው፤
ቀጥ ያለ ነገር ነው ልቡን ደስ የሚለው።
«ድልድይ የምሠራው ላም ነድቶ ለሚያልፍ ሰው፣
ጆንያ ተሸክሞ ጀርባው ለጎበጠው፤
ይህ ሰውዬ ግን፣ እስቲ ልጠይቃችሁ፣
ዐርባ ዓመት ሙሉ ጽፎ፣ ማንን አሻገረላችሁ?
አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ገጽ ተኩል የሚረዝም፣
ግሡን ፍለጋ ብትወርድ፣ ግሥ የሚባል የለም!
ጭጋግ ነው፣ ወዳጄ። ጭጋግ ደግሞ ጥልቀት
አይደለም፤ ይኸው ሐይቁም በጠዋት
ጭጋግ ይለብሳል፣ ጉልበት በማይደርስበት።»

ሩሐማ ሻሿን አጠበቀች፤ ነፋሱ ከውኃው ነው።
«ግልጽማ ሞልቷል» አለች፤ «‹ዱቤ ዛሬ የለም› ግልጽ ነው፤
‹እዚህ መሽናት ክልክል› አለ፤ ግን ማነው ያነበበው
ሁለቴ? ማነው ሌሊት ባንኖ የተነሣበት?
እናትህ ያረፉ ለት፣
ላንቃሞ፣ በግልጽ ተናገርክ? ወይስ አፍህ ተሳሰረ፣
ግሡ ጠፍቶህ፣ ቃልህ ከጉሮሮህ ቀረ?
እሱም የሚጽፈው እዚያ ነው፣ ቃል ከሚያልቅበት፤
አቃንቶ ቢጽፈውማ፣ ያው ነበር መዋሸት።»

ላንቃሞ ዝም አለ። ጠጠር ወረወረ።
ጠጠሩ ሰመጠ፤ ክቡ ብቻ ቀረ።

አምባዛ የሚበልተው ጦና፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣
«ሰውዬው ግን» አለን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ምንድን ነው ያለው?»

ሦስት የተማርን ሰዎች፣ አምስት ዲግሪ ከግማሽ፣
ተያየን። አባ ኮዳዎቹ እንኳ ምላሽ
የሚጠብቁ መሰሉ፣ በአንድ እግራቸው ቆመው።
«እሱማ...» አልኩ እኔ። «እንዴት መሰለህ...» ይኸው ነው።
ጦና ራሱን ነቅንቆ ወደ ዓሣው ተመለሰ።

መጽሐፉ እኔ ጋ ነው። የመምህር ዳንጊሶ ነበር፤
ከታቦር ግርጌ ባለች ክፍሉ ማታ ማታ ሲናገር፣
ፈረንሳዊው አላሙራ የተወለደ ይመስል ነበር።
ቀብረነው ስንመለስ፣ መጻሕፍቱን ስንካፈል፣
ይኼ ደረሰኝ፣ ጀርባው ሊገነጠል
ጥቂት የቀረው፣ በፕላስተር የታሸገ።

እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። አሁን ከቦርሳዬ አወጣሁት።
ገጽ ስልሳ አንድ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፦
«አልገባኝም። ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት።»
ከሥሩ፣ በሌላ እርሳስ፦
«አሁንም አልገባኝም። ሰማንያ ስምንት።»
ከዚያ በታች በቀይ «ገባኝ!»
ገባኝ የሚለው ላይ ደግሞ ወረቀቱን የበሳ ሰረዝ።
የመጨረሻው፣ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ፣
ፊደሉ እንደ ተበተነ ጥሬ፦
«እንደገና።»

ላንቃሞ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። «ሃያ ስድስት ዓመት!
ሰው በር ሲያንኳኳ አርጅቶ፣ ሰው በሌለበት ቤት!»
ይላል ብዬ። አላለም።
መነጽሩን አውልቆ፣ ገጹን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ፣
የድልድይ ስንጥቅ እንደሚመረምር ሰው፣ ትንፋሹን ገትቶ፣
ያቺን አንዲት ቃል አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ዋሸን» ያለችው ሩሐማ ናት።
«ለኛ እንዲህ ብሎን አያውቅም። አንድም ማታ።
እንደገባው ነበር የሚያወራው። እኔ ደግሞ
ያልገባኝ ለታ፣ መንገዱን ሙሉ በራሴ አፍሬ
ነበር ቤቴ የምገባው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ደደብ ነኝ ብዬ።»
ተነሥታ ወደ ውኃው ሄደች።
«ቢነግረንማ» አለ ላንቃሞ፣ ለማንም ሳይሆን፣
«ቢነግረን እኔም እስከ ዛሬ...» አልጨረሰውም።
ግሡ የት እንደ ቀረ አልጠየቅነውም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ገለጥኩት። አንድ የቆሮሶ ቅርፊት
ገጹ ላይ ተለጥፏል፣ ደርቆ እንደ መስታወት፤
በሱ በኩል ሲያዩት አንዱ ፊደል ይጎላል፣ አንዱ ይደበዝዛል።
አላነሣሁትም።
ጦና ነገም ይጠይቀኛል።