ተጠየቅ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ አፉላ፣ የክሊኒኩ በር፤
አንድ እግሩ ባጠረ ወንበር ላይ እኔና ያ ነገር።
ከአስፋልቱ ዳር የሱፍ ልጣጭ፣ ወጣቶች የተፉት፤
ከማዶ ታቦር ተራራ፣ ጨለማው ውስጥ የባሰ ጥቁረት።

ያ ነገር ሲመጣ አያንኳኳም፣ መታወቂያም አያሳይ፤
ዘበኛው እኔ ነኝ፤ የሰው ቦርሳ ስበረብር፣ እሱን አልፈትሽም ወይ?
«አንተ አትችልም» ይላል። ሌላ ዓረፍተ ነገር የለውም፤
ሠላሳ ዓመት ይህችኑ ብሏል፤ አልሰለቸውም።

ዛሬስ ምክንያት አገኘ። ግድግዳው ላይ ወረቀት አለ፣
«አማርኛና ዕብራይስጥ የሚችል አስተርጓሚ ይፈለጋል» ያለ።
አራት ቀን አልፌው ገባሁ፤ አራት ቀን አልፌው ወጣሁ፤
በአምስተኛው ቅጹን አጥፌ ከምሳ ዕቃዬ ሥር ሸጎጥሁ።

አባቴ አዛናው፣ ወገራ ላይ፣ ሙግት አዋቂ ነበር።
ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን አንሥቶ ሲናገር፣
የባለጋራን ምላስ ከላንቃ የምታጣብቅ
አንዲት ቃል ነበረችው፤ «ተጠየቅ!»
«ልጠየቅ» ይላል ያኛው፤ ሕግ ነው፣ መሸሽ የለም።
ዘንጉ አገር ቤት ቀረ። ቃሉ ግን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ተነሣሁ። የእጅ ባትሪዬን እንደ ዘንግ ጨበጥሁ፤
ለባዶው መኪና ማቆሚያ፣ ለሁለት ድመቶች ጮኽሁ፦

ተጠየቅ!
— ልጠየቅ።
«አትችልም» ያልኸኝ በምን ማስረጃ ነው? እማኝ ጥራ።
— አለኝ። የኡልፓኗ መምህር፣ ብራካ ተብላ የምትጠራ።
አገሩን በረገጥህ በሦስተኛው ቀን፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው፣
አንተ ከኋላ ጥግ፤ ጣቷን ወደ አንተ ቀሰረችው፤
«ማይም!» ብላ ጮኸች። አልሰማህም?
ሰምቻለሁ። አልክድም።

(እዚህ ላይ ዝም አልሁ።
ከአንገቴ በታች የሚያንቀውን፣ የድሮውን፣ ዋጥሁ።)

ተጠየቅ!
— ልጠየቅ።
ሴትዮዋ አማርኛ ታውቅ ነበር?
— አታውቅም።
ታዲያ በምን ቋንቋ ሰደበችኝ?
— በ... በዕብራይስጥ።
ማይም በዕብራይስጥ ምንድን ነው?

ያ ነገር አልመለሰም።
ሠላሳ ዓመት ከሱቅ የምገዛው፣ ለልጆቼ የምቀዳው፣
በቀን አሥር ጊዜ የምለው።
ውሃ።
ጥር ነበር። ዝናብ ነበር። ከራሴ በላይ ጣሪያው ያፈስ ነበር፤
አሁን ትዝ አለኝ ባልዲው፣ ቢጫ፣ ከወንበሬ ሥር።

የመጀመሪያ ትርጉሜ ያች ነበረች፤ ተሳሳትሁ፤
በተሳሳተ ትርጉም ራሴን ፈርጄ አሰርሁ።
ምናልባትም ሰድባኝ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? አልጠየቅኋትም።
ይኸው ነው ጥፋቴ፤ የጠየቅሁት የለም።

እሺ፣ ሰድባኝም ይሁን። እማኝ እኔም ልጥራ፦
ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ያልጋነሽ ሐኪሙ ጋ ሲደርሳቸው ተራ፣
«ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ሲሉ፣ እሱ ሆዳቸውን ሲጫን፣
«እዚህ ነው? እዚህ?» እያለ፣ ሲፈልግ ቁስሉን፣
ከበር የተጠራው ማነው?
— አንተ።
«ዶክተር፣ ሆድ አይደለም፤ ልጃቸው ከቤት ወጥቶባቸው ነው» ያለ?
— አንተ። ግን ያ ዕድል ነበር።
ተጠየቅ! ዕድል በሳምንት ስንቴ ይቆማል በአንድ በር?

ጸሐፊዋ፣ ያኔ፣ «ዳኘው» ረዘመባትና
ጅራቱን ቆርጣ «ዳን» አለችኝ፤ እኔም ተቀየምሁና
ዘመኔን ሁሉ እንደ ሰው ልብስ ለበስሁት ያን ስም።
በእነርሱ «ፈረደ» ነው አሉ፤ ከአባቴ ሐሳብ አይርቅም።
በእኛ ግን ለታመመ የሚባል ነው፤
ስንቱ ጠርቶኛል፣ አልሰማሁት፤ ዳን፣ ዳን እያለው።

ያን ነገር አላባረርሁትም። ወንበሬን ለቀቅሁለት፤
እኔ ቆሜ ቅጹን በባትሪ ብርሃን ዘረጋሁት።
ጥጉን ወጥ ነክቶታል። «ስም» ከሚለው ላይ
ሁለቱንም ጻፍሁ፣ ጎን ለጎን፣ ከላይ።
እሱ በትከሻዬ አንገቱን አስግጎ ያነባል፤
«ፊደልህ ጠማማ ነው» አለኝ።
እውነት ነው። ጠማማም ይነበባል።