ሌባ ጣት

ማክሰኞ ጧት አመጧት፣ ባህያ ጋሪ ጭነው፤
«አይ ጋሽ አስናቀው» አለች መዲና፣ «ይኼ የሰው ሥራ ነው?»

መዲና የከብት ሐኪም ናት፤ ከሀርቡ እስከ ደጋን አፋፍ
በበረዶ ሣጥን ክትባት አዝላ፣ የማታውቀው የለም ደጃፍ።
የታመመች ላም ያለው ሰው፣ ደጁ ቆሞ ሲጠብቃት፣
ከመልኳ በፊት በዲቲዋ ሳል ነው የሚለያት።

አሁን ሳሉም የለ።
ኳድሮው በካቻቢቴ ተፈልቅቆ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ፣
ስፔኪዮው ግማሽ ፊት ይዞ፣ ግማሹን ለቦርከና ሲያወርስ፤
ፓራፋንጎው ተጨራምቶ፣ መሪው ወደ ግራ ዞሮ፣
ማርሚታው ውስጥ አንዲት ጉርጥ ጎጆ ልትወጣ ገብታ ኖሮ።
ታንከሩን አንኳኳሁት፤ ባዶ ነው፣ ጠጥተውታል፤
ለካ ሌባም እንደ እኛው የቤንዚን ወረፋ ይሰለቻል።
በፍሪሲዮኑ ማንሻ ላይ ቀላ ያለ ነገር ደርቋል፤
ዝገት ነው ብዬ ጠረግሁት።

«አብሽሪ» አልኋት።
መሪውን በቧንቧ ደግፌ፣ በጉልበቴ ይዤ አቀናሁ፤
ካንዴላዋን በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ።
ካርቡሬተሩ ያን ሁሉ አሸዋ የት ነበር የያዘው?
መዲና ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳ ሲጮህ «መጣሁ» ትላለች፤
ወዲያው ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ላሚቱስ… አሁንም ቆማለች?»

ከዚያ የፊት መብራቱን ፈታሁ። ከኳድሮው የሚወጡት ሽቦዎቹ፣
ቀይና ጥቁሩ ተቆርጠው፣ ተጋጥመዋል በጫፎቹ።
ሌሊት ነው የተሠራው፣ በጨለማ፣
ውሻ እየጮኸ ሳይሆን አይቀርም፤
ጥድፊያ ግን የለበትም።
ሦስት ዙር ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ኋላ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣
ናስትሮው ላዩ ላይ፣ እንደ ቁስል ፋሻ፣ በሰያፍ የተለጠፈ።

ይህን ቋጠሮ አውቀዋለሁ።
በኮምቦልቻ እንዲህ የሚገምድ ሁለት ሰው ነው።
አንዱ እኔ ነኝ።

ሌላው ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ ከወረባቦ ሲመጣ፤
ፒንሳ አምጣ ስለው ዳዶ ይዞ ከጓዳ የሚወጣ።
«ባውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ» አልሁት፣ እጁን ይዤ፣
«ሽቦ አኩራፊ ነው፣ ቀስ»፤ ጣቱ ሲማር እያየሁ፣ ፈዝዤ።
የጣቱን ስም እኔ አላወጣሁም፣ ያማርኛ ነው፤
ሥራውን ግን እኔ ነኝ ያስተማርሁት።
አምና ስምንት መቶ ብር ጎደለ ብዬ አባረርሁት፤
ብሩን ከወር በኋላ፣ ከገዛ ሱሪዬ ኪስ አገኘሁት።
እጠራዋለሁ፣ ዛሬ እጠራዋለሁ እያልሁ
ክረምቱ ወጣ።

«ማን ይሆን?» አለች መዲና። «ምልክት ነገር የለም?»
አፌ ኩበት ሆነ።
«የለም።»
ቋጠሮውን ልፈታ ፒንሳ አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁ።
ምን ይወጣለታል? ከእኔ ሥራ ይበልጣል፤
ኪሎ ሜትር ሙሉ ጠጠር ቢንጠው እንኳ ይዘልቃል።
አዲስ ናስትሮ ደረብሁበት፣
ውሸቴንም አብሬ።

በአራተኛው እርግጫ ሳለች ዲቲዋ፤
ጭስ ተፋች፣ አሸዋ ተፋች፣ ቀጥሎ ተስተካከለ ልቧ።
«የእጅ ዋጋ ስንት ልስጥህ?» ብላ ቦርሳዋን ስትከፍት፣
የጎማ ማጣበቂያውን ብቻ ተቀበልኋት። «እጁ ተከፍሎበታል» አልሁ፤
ገብቷት እንደሆነ አላውቅም። ላሚቱ ትጠብቃለች፤ ሄደች።

ማታ ቆርቆሮውን ዘግቼ፣ ግራሶ የጠገበ ስልኬን አወጣሁ፤
ስሙ እዚያው ነው፦ «ኑርዬ ፒንሳ»። ሳባርረው አላጠፋሁ።
ያ የፍሪሲዮኑ ማንሻ ላይ ያየሁት
ዝገት አልነበረም።

ሌባ ጣቴን ዘረጋሁ።
ይጠራል።
ከወንዙ ጉርጥ ይጮኻል፤ ከባድ መኪና ፍሬኑን እያፏጨ ወደ ሚሌ ይወርዳል።
ይጠራል።